«ባለድርሻ አካላት» ተብለን ተጠራን፤ የእናቴ ጉድጓድ ገመድ ግን እየረዘመ ነው (ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ)

የሮቢት ልጅ | ጥር 16፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለጥምቀት ቤት ሄጄ ነበር። ቤት ስል ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ቀወት ውስጥ ነው። ጠዋት እማዬ ከጓሮ ጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ ቆሜ አየኋት። ገመዷ ተቀጣጥሏል። የድሮው ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ነው፣ ፀሐይ አንጥቶታል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ታስሯል። ከሰማያዊው ቀጥሎ ደግሞ ከማዳበሪያ ጆንያ ክር የተገመደ አለ። «ይኼ ሁሉ ምንድነው?» ብላት «አምና አንዴ ቀጠልኩ፣ ዘንድሮ ደግሞ አንዴ» አለችኝ፣ ቀሚስ የጠቀመች ይመስል። በክንዷ ለካችልኝ። ቢጫው 18 ክንድ፣ ሰማያዊው 4፣ የጆንያው 3።

ጉድጓዱን አባቴ ነፍሱን ይማርና ከሁለት ጎረቤት ጋር በዶማና በአካፋ ነው የቆፈረው። እኔ ልጅ ሆኜ ሚያዝያም ቢሆን አይደርቅም ነበር። አሁን ከኛ በታች፣ 300 ሜትር እንኳ በማይሞላ ቦታ፣ በሪግ፣ ማለትም በመቆፈሪያ ማሽን፣ የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። በሶላር ነው የሚስቡት። ሽንኩርት ያጠጡበታል። ሽንኩርቱ ደግሞ ያምራል፣ መቼም አይዋሽም።

እና ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። «በከርሰ ምድር ውሃ ዘላቂ አጠቃቀም ዙሪያ የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ይላል። አንብቤላት ስጨርስ እማዬ ምን አለች? «ድርሻዬን ሊሰጡኝ ነው?»

ሳቅኩ። በኋላ ግን ጥያቄዋ ከንክኖኝ ቀረ። እንደዚህ ዓይነት ስብሰባ የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ብትሄድ ምን ትበል? መሄዱስ ይጠቅማል?

---

ስደተኛው | ጥር 16፣ ማታ 2፡34

ልንገርህ ምን እንደሚሆን። 3 ሰዓት ተብሎ 5 ሰዓት ይጀመራል። አንድ ሰው ፓወር ፖይንት ያሳያል። ሻይ በዳቦ። ከዚያ «ሐሳብ ያላችሁ» ይባላል፣ ሦስት ሽማግሌ መንግሥትን ያመሰግናሉ፣ አቴንዳንስ ይፈረማል፣ አለቀ። እናትህ ሽንኩርቷን ብትከትፍ ይሻላታል።

---

እቴ ደብሬ | ጥር 16፣ ማታ 3፡02

ስደተኛው እንዳንተ ያለው ነው ስብሰባውን ለሌላ የሚተወው። ከዚያ ሌላው ይወስንልሃል።

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። በፈረቃ ነው የምንኖረው። ሌሊት 9 ሰዓት ቧንቧው ሲያፏጭ ተነስቼ ሮቶ እሞላለሁ፣ ካልመጣም ጄሪካን ይዤ ጋሪ እጠራለሁ። ከሰፈራችን ብዙ የማይርቅ አንድ ፋብሪካ የራሱ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉት። ቀንም ሌሊትም ይስባል። ስንት እንደሚስብ የሚያውቅ ጎረቤት የለኝም። እኛም አንድ ጊዜ «ምክክር» ተጠርተን ነበር። ሄድኩ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ፣ አጥሩ ከታጠረ፣ ጄኔሬተሩ ከገባ በኋላ ነው የተጠራነው! ምኑን ነው የምንመክረው? ቀለሙን?

ስለዚህ የሮቢት ልጅ፣ የመጀመሪያ ጥያቄህ ይህ ይሁን፦ ስብሰባው ከቁፋሮው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

---

የሮቢት ልጅ | ጥር 16፣ ማታ 3፡15

ሁለቱ ተቆፍረዋል። ሦስተኛ ሊቆፈር ነው ይባላል። እንግዲህ በመሃል ነው ማለት ነው እቴ።

---

ጥቁር ድንጋይ | ጥር 17፣ ጠዋት 1፡50

ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሪግ ኋላ አቧራ ስውጥ ነው የምውለው። ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እናንተ ጋ ያለው ውሃ ከየት ይመጣል? ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ገደል ክረምት የሚወርደው ጎርፍ ቆላው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይበርዳል። ያመጣውን ጠጠርና አሸዋ ይዘረግፋል። ውሃው በዚያ ጠጠር ውስጥ ይሰርጋል። የሮቢት ሜዳ ከሥሩ እንዲህ ያለ የጠጠርና የአሸዋ ድርብርብ ነው። የእማዬ ጉድጓድ የዚያን የላይኛውን ክፍል ይነካል። ሪጉ ደግሞ ጠልቆ ይገባል። ሁለቱ በወፍራም ጭቃ ካልተለያዩ ያው አንድ ድስት ነው።

ወፍራም ሽሮ አስቡ። መሃሉን በጭልፋ ስትቀዱት ዙሪያው ወደ መሃል ያዘነብላል፣ ይጎደጉዳል። ፓምፕ ያለበት ጉድጓድ ዙሪያም እንደዚያው ነው። በጉድጓዱ አጠገብ ብዙ ይወርዳል፣ ራቅ ሲል ትንሽ። 300 ሜትር ላይ ይደርሳል አይደርስም የሚለው በጠጠሩ ዓይነትና በሚሳበው መጠን ይወሰናል። በግምት አይባልም፣ ይለካል።

ሁለተኛ፣ መጠኑን እንድታዩት። ቆላ ላይ፣ በበጋ፣ ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል እንበል። በአንድ ሄክታር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ማለት 50,000 ሊትር ነው። በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብለን ብናካፍለው የ2,000 ሰው ውሃ። የአንድ ሄክታር፣ የአንድ ቀን። ሽንኩርት አትዝሩ ማለቴ አይደለም፣ እኔም ወጥ እበላለሁ። ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይህ ቁጥር መኖር አለበት።

ሦስተኛ፣ ፓምፑን ብቻ አትክሰሱ። ክረምቱ ደካማ ከነበረም ይወርዳል። ከወንዙ አሸዋ በሲኖትራክ የሚጫን ከሆነም የወንዙ ወለል ይወርዳል፣ ወለሉ ሲወርድ የዳሩ ጉድጓድ ይከተላል። አሸዋ ጫኞቹ ተጠርተዋል? ላይ ደጋው ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬስ? የሱ እርከን ነው ጎርፉን አርግቦ የሚልክላችሁ።

---

ባለ ፓምፑ | ጥር 17፣ ከሰዓት 8፡20

እሺ፣ እኔ ደግሞ ሌባው ነኝ መሰለኝ። እናንተ ሰፈር አይደለሁም፣ ኤፍራታና ግድም ነኝ፣ ነገሩ ግን አንድ ነው።

መሬት ተከራይቼ፣ ተበድሬ፣ ጉድጓድ አስቆፍሬ ሽንኩርትና ማሾ አመርታለሁ። አንዴ ሽንኩርት ኪሎው ወደቀና መሬት ላይ በሰበሰ። የዚያን ጊዜ ማንም ምክክር አልጠራኝም። ፈቃድ ልጠይቅ ስል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለስኩ። አንዱ «የውሃ ነው» ይላል፣ አንዱ «የመስኖ ነው»፣ አንዱ «የተፋሰስ ነው»። መጨረሻ ላይ ቆፋሪው «አንተ ዝም ብለህ ክፈል» አለኝና ከፈልኩ። ጥፋት ነው፣ አልክድም።

አንድ እውነት ግን ልንገራችሁ፣ ማንም አያወራውም። በናፍጣ ስስብ የሚያቆመኝ ናፍጣው ነበር። በርሜሉ ሲያልቅ ሞተሩ ዝም ይላል። ሶላር ከገባ ወዲህ ፀሐይ ከወጣችበት እስክትጠልቅ ቢሄድ አንድ ብር አልጨምርም። ማሳው ጠጥቶ ጠግቦ ቦዩ ሞልቶ መንገድ ላይ ሲፈስ አይቼ ያላጠፋሁበት ቀን አለ። ሰነፍ ሆኜ ሳይሆን የሚያስቆመኝ ነገር ስለሌለ ነው።

---

የገመዱ ጫፍ | ጥር 17፣ ማታ 1፡05

ባለ ፓምፑ ለሐቀኝነትህ ባርኔጣዬን አነሳሁልህ። ግን ወንድሜ «ዝም ብለህ ክፈል»ን በልተህ እዚህ መጥተህ ታለቅሳለህ?

ሕጉ ስላለ እንነጋገር። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 አለ። በዚህ አዋጅ የአገሪቱ ውሃ በሙሉ፣ ላይ ያለውም ከሥር ያለውም፣ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። መሬትህ ሥር ስላለ ያንተ አይደለም። ለቤት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስለዚህ የልጁ እናት ሕጋዊ ናቸው፣ ያለ ወረቀትም። በሪግ የሚቆፈረው ግን ፈቃድ ያሻዋል፣ ቆፋሪውም የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 92 ላይ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሲሠራም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን ይግለጽ ይላል። ሲነደፍ! ከታጠረ በኋላ አይልም።

---

ስደተኛው | ጥር 17፣ ማታ 1፡22

አንቀጽ ጉድጓድ አይሞላም ጌታዬ።

---

የገመዱ ጫፍ | ጥር 17፣ ማታ 1፡30

አይሞላም። ግን ስብሰባ ላይ «በየትኛው ሥልጣን ነው የሚጠይቁት እናቴ?» ሲባሉ የሚመልሱት ነገር ይኖራል።

---

ከቢሮው ወዲህ | ጥር 17፣ ማታ 4፡48

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ወረዳዬን አልናገርም። የናንተን ስድብ እያነበብኩ ነበር፣ ግማሹ እውነት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ከበላይ «የባለድርሻ ምክክር ተካሂዶ ሪፖርት ይቅረብ» ይባላል። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ድምር፣ ፎቶ ነው። ምን ተወሰነ የሚል ዓምድ የለውም። እኔ ራሴ ቃለ ጉባኤውን ማታ ቤቴ ጽፌ ጠዋት ስብሰባ የገባሁበት ቀን አለ። «ተሳታፊዎች ከፍተኛ ግንዛቤ ጨብጠዋል» ብዬ፣ ገና አንድም ሰው ሳይመጣ። አፈርኩበት፣ ግን አደረግኩት።

ደግሞ እወቁ፣ ቢሮው የውሃ ልክ ለማወቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርደው ሜትር የለውም። የሞተር ሳይክል ነዳጅ የለውም። ስንት ጉድጓድ እንዳለ የምናውቀው ከተቆፈረ በኋላ ቧንቧውን ስናይ ነው። ሰው «ለምን ፈቀዳችሁ» ይለናል፣ እኛ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቆፈረው።

የልጁ እናት ቢመጡ እኔ በበኩሌ ገመዳቸውን ይዘው እንዲመጡ እፈልጋለሁ። እውነቴን ነው። ያ ገመድ እኛ ጋ የሌለ መረጃ ነው።

---

እቴ ደብሬ | ጥር 18፣ ጠዋት 12፡40

ከቢሮው ወዲህ፣ ዛሬ ደግሞ አስለቀስከኝ። «ገና አንድም ሰው ሳይመጣ»…

---

ምንጃሬው | ጥር 18፣ ቀን 6፡15

ከምንጃር ሸንኮራ ነኝ። እኛ ጋ ውሃ ሩቅ ነው፣ ሲገኝም አንዳንዱ ጥርስ የሚያበላሽ ፍሎራይድ አለበት፣ የስምጥ ሸለቆ ነገር ነው። ስለዚህ አባቶቻችን በኩሬ ነው የኖሩት። ብዙ ገበሬ ጓሮው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ፕላስቲክ አንጥፎ የክረምት ውሃ ያጠራቅማል። በዚያ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል። ትልቁ ማሳ ዝናብ ይጠብቃል፣ ኩሬው ለችግኙ ብቻ ነው። ኩሬ ደግሞ ጥሩ ጸባይ አለው፤ ሲጎድል ታየዋለህ። ግማሽ ሲደርስ ሚስትህም ልጅህም ይጮሁብሃል። ከሥር ያለው ግን እስኪያልቅ አይታይም። የናንተ ችግር ይኸ ይመስለኛል።

---

ዘመድኩን ነኝ ከመሐል ሜዳ | ጥር 18፣ ማታ 1፡50

ምንጃሬው ልቤን ነካኸው። እኛ ጋ ወንዝ ጠልፈን በቦይ ስናጠጣ የውሃ አባት አለን። ተራ ያወጣል። «ዛሬ ያንተ፣ ነገ የሷ» ይላል። ተራውን የዘለለ ይቀጣል፣ ለቦይ ጠረጋ ያልወጣም ይቀጣል። የውሃ አባት ሹመት የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ግን ወረዳ ከሚፈራው ይልቅ እሱ ይፈራል። ለምን? ሌባው ስለሚታይ ነው። ሌሊት ቦይ የሰበረ ጠዋት ማሳው እርጥብ ነው፣ ምን ብሎ ይክዳል?

ከመሬት ሥር የሚሰርቅን የትኛው የውሃ አባት ያየዋል? ስለዚህ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም በፊት የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። የእናቱ ገመድ አንድ ነው። አሥር ገመድ ቢኖር ግን መንደሩ ሁሉ ቦዩን ያየዋል።

---

ጥቁር ድንጋይ | ጥር 18፣ ማታ 3፡30

ዘመድኩን በአንድ አንቀጽ እኔ ስንት ዓመት የተማርኩትን ተናገረ።

ይህ ደግሞ በአገራችን የተሞከረ ነው። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንጌሽታ ላይ ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የእጅ ጉድጓዶቻቸውን ውሃ ልክ፣ ዝናብና የወንዝ ከፍታ ይለኩ ነበር። ባለሙያዎች ሲያነጻጽሩት የገበሬው ልኬት ከመንግሥት ጣቢያ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ምን የተለየ መሣሪያ ነበር? ሜትር፣ የዝናብ መለኪያ፣ ደብተር።

ህንድ አገር አንድራ ፕራዴሽም በ2000ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ድርቅ በሚያጠቃቸው መንደሮች ትልቅ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ገበሬዎቹ ክረምቱ እንዳለፈ ስንት ዘነበ፣ ጉድጓዱ የት ደረሰ ብለው ያሰላሉ። ከዚያ ሁሉም ሊዘራ ያሰበውን ይናገራል፣ የሁሉም ፍላጎት ተደምሮ ካለው ውሃ ጋር ይተያያል። ማንም ማንንም «አትዝራ» አይልም። ሩዝ ሊዘራ የነበረው ቁጥሩን አይቶ ራሱ ወደ ሌላ ይዞራል። ይሠራል ወይ? በብዙ ቦታ ሠርቷል። ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መለካቱ በብዙ ቦታ ላላ። ደብተሩን የሚይዘው ሰው ከሠርጉም ከእርሻውም ጊዜ መስጠት አለበት፣ የሚያመሰግነው የለም።

---

ስደተኛው | ጥር 19፣ ሌሊት 7፡12

እሺ፣ ቀልዱን ልተወው። ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት። ከእኔ ብዙ የማይርቅ ኢስት ፖርተርቪል የሚባል ድሃ ሰፈር አለ። በ2014ቱ ድርቅ የቤት ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ደረቁ። ሰው በጓሮው ታንከር አስቀምጦ፣ በጠርሙስ ውሃ ልጅ ያጥብ ነበር። አሜሪካ ነው የምላችሁ! የዙሪያው ትልልቅ እርሻ ግን ጉድጓዱን እያጠለቀ የለውዝ (አልሞንድ) ዛፉን ያጠጣል። ገንዘብ ያለው ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል፣ የሌለው እላይ ይቀራል።

በዚያው ዓመት ክልሉ ሕግ አወጣ። የአካባቢው ሰው ራሱ ተቋም መሥርቶ፣ የቤት ጉድጓድ ያለውንም ጭምር አማክሮ፣ በ20 ዓመት ውስጥ የሚሳበውንና የሚገባውን ያመጣጥን ይላል። 20 ዓመት። የወረደውን ለመመለስ ሳይሆን መውረዱን ለማቆም ነው። እኔም «ስብሰባ ምን ዋጋ አለው» እያልኩ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። በሦስተኛው ስሄድ ወንበሩ ላይ የነበሩት የለውዝ እርሻ ጠበቆች ናቸው። እናትህ ትሂድ። ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ።

---

እንጦጦ ላይ ያለሁት | ጥር 19፣ ጠዋት 3፡00

ሐረማያ ሐይቅን አትርሱ። በጀልባ የሚሄድበት ሐይቅ ነበር። ለከተማ ተሳበ፣ ለጫት ተሳበ፣ ደለል ገባበት፣ ከዚያ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። በዙሪያው የነበረው ሁሉ ድርሻ ነበረው። ሁሉም ድርሻውን ወሰደ።

---

ባለ ፓምፑ | ጥር 19፣ ማታ 2፡25

እኔ አንድ ነገር ላቅርብ። የሮቢት ልጅ፣ ባለ ሪጎቹን ታውቃቸዋለህ? ካወቅካቸው ሁለት ቀን ፓምፕ እንዲያጠፉልህ ለምናቸው። ሽንኩርት ሁለት ቀን አይሞትም፣ አንድ ቀን ቀድሞ በደንብ ከጠጣ። በሁለቱ ቀን የእናትህን ጉድጓድ ለኩ። ከዚያ ይክፈቱ፣ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለና ከወረደ ነገሩ እኛ ነን። ካልነቃነቀ ደግሞ እኛን ተዉን፣ አሸዋ ጫኞቹን ጠይቁ።

እኔ ብሆን እፈራ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ግን በሽማግሌ ብትልክብኝ አልልህም እምቢ።

---

ጥቁር ድንጋይ | ጥር 19፣ ማታ 2፡40

ይህ ሰው ሃይድሮጂኦሎጂስት መሆን ነበረበት። እኛ የፓምፕ ሙከራ የምንለው ይኸው ነው፣ ወንበርና ጥላ ሲጨመርበት።

---

የሮቢት ልጅ | የካቲት 21፣ ማታ 3፡50

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራም አለ፣ ኔትወርክም የለም። የሆነውን ላውራችሁ።

ስብሰባው ሁለት ጊዜ ተራዘመ። የመጀመሪያው በገበያ ቀን ነበር፣ ማን ይመጣል? እማዬ ከእድሯ ሴቶች ጋር ሆና ለሊቀመንበሩ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ካልሆነ አንመጣም» አለች። አዳራሹ ሩቅ ነው፣ ሴት ደግሞ አዳራሽ ስትገባ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ዋርካ ሥር ኋላ የለውም። እሺ ተባለ፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ከዚያ በፊት ግን ሙከራውን አደረግን። ከሁለቱ ባለ ሪጎች አንዱ የክርስትና አባቴ ዘመድ ነው፣ በሱ በኩል ሁለት ሽማግሌ ላክን። መጀመሪያ ተቆጣ። «ሊከሱኝ ነው?» አለ። በኋላ «ሁለቱም ካጠፉ አጠፋለሁ» አለ። ሁለተኛው ልጅ ነው፣ ቶሎ እሺ አለ። ሐሙስ ማታ ጠፋ፣ ቅዳሜ ማታ ተከፈተ።

ማንም በማይቀዳበት ሰዓት ለካን። ሐሙስ ማታ ከማጥፋታቸው በፊት ውሃው የነበረበትን በጥቁር ክር አሰርን። ቅዳሜ ማታ አንድ ክንድ ከግማሽ ከፍ ብሏል። ከከፈቱ በኋላ በአራተኛው ቀን ወደ ጥቁሩ ክር ተመለሰ።

አንድ ክንድ ከግማሽ ነው እንግዲህ። ሰባት አይደለም። እማዬ ሁሉንም በነሱ ልታሳብብ ነበር፣ ትንሽ ከፋት።

---

ጥቁር ድንጋይ | የካቲት 21፣ ማታ 4፡05

በሁለት ቀን ሁሉም አይመለስም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ አንድ ተኩል ላይ ልጆቹን ነፃ አታውጣቸው። ግን ሰባቱንም አትጫንባቸው። በጣም ጥሩ ሥራ ነው የሠራችሁት። ስብሰባውስ?

---

የሮቢት ልጅ | የካቲት 21፣ ማታ 4፡40

ስብሰባው ላይ ባለ ሪጎቹም መጡ። አሸዋ ከሚጭኑት አንድ ደላላ መጣ፣ እስከ መጨረሻው ስልክ ያወራ ነበር። ከደጋው ማንም አልተጠራም፣ ወጪ የለም ተባለ።

ሦስተኛው ቁፋሮ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ። ባለ መሬቱ «ለምን እኔ ላይ ሲደርስ?» አለ፣ እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል? ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ስድስት ጉድጓድ ተመርጦ በወር ሁለቴ ይለካ፣ እስከ ሰኔ ተለክቶ ውጤቱ ሳይነበብ አዲስ አይቆፈር ተባለ። ወረዳው ያጽድቅ አያጽድቅ ገና ነው። ባለ ሪጎቹ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፓምፕ ያጠፋሉ፣ ፀሐዩ በሚበረታበት ሰዓት ማለት ነው፣ ያኔ ሲያጠጡ በተን የሚባክነው ይበዛል። ይህን ያቀረበው ልጁ ራሱ ነው።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ «ተሳታፊዎች ከፍተኛ ግንዛቤ ጨብጠዋል» የሚል መጣ። ከቢሮው ወዲህ፣ አንተን ነው ያሰብኩህ። እማዬ እጇን አውጥታ «ይህን ሰርዝልኝ ልጄ። እኔ ድሮም አውቃለሁ። አንድ ክንድ ከግማሽ ብለህ ጻፍ» አለችው። ጻፈ።

---

ከቢሮው ወዲህ | የካቲት 22፣ ጠዋት 2፡10

😂 እጇን ሳምልኝ። ሪፖርት ላይ «አንድ ክንድ ከግማሽ» የሚል አይቼ አላውቅም። ደብተሩ ማን ጋ ነው?

---

የሮቢት ልጅ | የካቲት 22፣ ማታ 1፡30

ትምህርት ቤት አጠገብ ሱቅ ያላት ልጅ ጋ። ዱቤ መዝገቧ ስለማይሳሳት ነው የተመረጠችው። ዱቤ ያለባቸውም ብንቀር ትጽፍብናለች ብለው ነው መሰለኝ በቀጠሮው ሁሉም ለመለካት ይመጣሉ።

ገመዱን በተመለከተ፣ ኮሚቴው እማዬን ገመዷን ለመለኪያ እንድትሰጥ ጠየቃት። «አላውስም» አለች። «በምን ልቀዳ?» ሄደን አዲስ 30 ሜትር ገመድ ገዛን፣ በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት፣ ጫፉ ላይ የበር ቁልፍ።

---

ጥቁር ድንጋይ | የካቲት 22፣ ማታ 1፡48

ቁልፉ ቀላል ነው፣ ውሃ ሲነካ አይታወቅህም። ብሎን እሰርበት፣ ወፍራሙን። ጠብ ሲል ትሰማዋለህ።